ባሕር ዳር ላይ ጉልበት አገኘሁ

ሥጋ መብላት ያቆምኩት አምና ነው። ቁርሴ ፍራፍሬ፣ ምሳዬ ሰላጣ፣ እራቴ የተቀቀለ አትክልት ሆነ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ግን 7 ኪሎ ቀነስኩ። ደረጃ ስወጣ ይደክመኝ ጀመር። ሐኪሜ “አትክልቱ ጥሩ ነው፤ ግን የምትበይው አይበቃሽም” አለችኝ። እናቴ ደግሞ ሥጋ እንድበላ በየቀኑ ትለምነኛለች። በዚህ መካከል ለእረፍት ባሕር ዳር፣ የእናቴ ታላቅ እህት ቤት ሄድኩ።

የደረስኩት በሁዳዴ ጾም ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም። “እዚህ ደግሞ የባሰ ልከሳ ነው” ብዬ ሰጋሁ። እትዬ ግን ከልጅነታቸው ጀምረው ይጾማሉ፤ ገበያ ስንሄድ የምከተላቸው እያለከለክሁ ነው።

ገበያው ውስጥ ብዙ ጆንያ ተደርድሯል። እትዬ አንድ በአንድ አሳዩኝ። ጥቁሩና ቀጭኑ ኑግ ነው። ነጩ ሱፍ፣ ቡናማው ተልባ፣ ትንሿ ፍሬ ሰሊጥ ናት። ኑግ በጎጃም በብዛት ይዘራል፤ ክረምቱ ሲወጣ ማሳው በቢጫ አበባ ይሸፈናል። ዘይትም ይጨመቅበታል።

“የምትበይው ጎመን ብቻ ነው?” አሉኝ።

“አዎ፣ እትዬ።”

“ጎመን ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን ጉልበት አይሆንም፤ የቅባት እህል ያስፈልገዋል።”

እውነታቸውን ነው። አትክልት አብዛኛው ውኃ ነው። 100 ግራም ጎመን 30 ካሎሪ ገደማ ብቻ አለው። 100 ግራም ለውዝ ግን ከ550 በላይ ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ስታርች 4 ይሰጣል። ስለዚህ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጎመኑ ላይ ቢጨመር 120 ካሎሪ ያህል ይጨምራል፤ ሳህኑ ግን አይተልቅም።

እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። ለእኔ ግን “አንቺ ደክመሽ ነው የመጣሽው፤ ብዪ” ብለው ጠዋት ክንጬ በዘይት ሠሩልኝ። ለምሳ የሱፍ ፍትፍት ነበር። ሱፉ ተቀቅሎ ይፈጫል፤ በውኃ ተበጥብጦ ይጠለላል። ወተት ይመስላል። ከዚያ እንጀራ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይገባበታል። በማግስቱ ሽሮና ምስር፣ በሌላው ቀን ተልባ በላን። ተልባ ተቆልቶ ይወቀጣል፤ ፍሬው ሳይፈጭ ከተዋጠ ብዙው ሳይፈጭ ይወጣልና።

ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ስንሄድ የአቮካዶ ጁስ እጠጣለሁ። ጁሱ ወፍራም ስለሆነ በማንኪያ ይበላል። አንድ ቀን ሻጩ ስኳር ሊጨምር ሲል እትዬ “ተወው፣ ሎሚ ይበቃዋል” አሉት። ስኳርም ካሎሪ አለው፤ ግን ሰውነትን የሚጠግን ነገር የለውም። በቦርሳቸው ደግሞ ሁልጊዜ ቆሎና ለውዝ አይጠፋም።

ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ በሶ፣ ሽሮና ሱፍ ነበር። አሁን ሰላጣዬ ላይ የወይራ ዘይትና ሽምብራ እጨምራለሁ። ዳቦዬን የለውዝ ቅቤ እቀባዋለሁ። ሱፍ ሲያልቅብኝ ከዓረብ ሱቅ ጣሂና እገዛለሁ፤ ጣሂና የተፈጨ ሰሊጥ ነው። ብዙ መብላት ሲያቅተኝ ትንሽ ትንሹን አምስት ጊዜ እበላለሁ።

በሦስት ወር 4 ኪሎ ተመለሰልኝ። ደረጃውንም ሳልቆም እወጣለሁ። እናቴ ስትደውል ስለ ሥጋ መጠየቅ ትታለች። አሁን የምትለኝ “ሱፉ አልቋል እንዴ? እትዬን ላስልክልሽ?” ነው።