ክላርኔቴና የአያቴ ዋሽንት

ስለ ሙዚቃ ትምህርት በተነሣ ቁጥር የምንሰማው ውዳሴውን ነው። ሙዚቃ ሕፃኑን ሥርዓት ያስተምራል፣ ጆሮውን ይስላል፣ ከእኩዮቹ ጋር ተባብሮ መሥራትን ያለማምደዋል ይባላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በልጅነቱ መሣሪያ ይዞ ያደገ ሰው ከውዳሴው ጎን የራሱ የሆነ ሌላ ሒሳብ አያጣም። እኔም ክላርኔት ስማር ያገኘሁትንና ያጣሁትን ሳወራርድ፣ ትርፉ ቢበዛም ኪሳራው ዛሬም ይቆጠቁጠኛል።

በ1970 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ለትንፋሽ መሣሪያ የሚሆኑ ልጆችን ሲመለምል፣ መምህሩ በመጀመሪያ ጣቶቼን፣ ቀጥሎም የፊት ጥርሶቼን ተመልክተው «ይህ ይሆናል» አሉ። ስለ ጆሮዬ የጠየቀ አልነበረም። ለአራት ልጆች ሁለት ክላርኔት ብቻ ነበረን፤ እያንዳንዱን ለሁለት ተካፈልነው።

መምህራችን ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል በጡረታ የተገለሉ ሰው ነበሩ። የትንፋሽ መሣሪያ ትምህርት በአገራችን ሥር የሰደደው ከሁሉ ይልቅ በሰልፍ ሙዚቃ በኩል ነው። በ1916 ዓ.ም. ማለቂያ ከኢየሩሳሌም የመጡት 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ከሠሩበት ዘመን ወዲህ፣ ሙያው በጦርና በፖሊስ ባንዶች በኩል እየተወራረሰ ወደ ከተሞች ወርዷል። የእኛም ትምህርት የወታደር ጠባይ ነበረው። ቀጥ ብሎ መቆም፣ ኖታ ማንበብ፣ የታዘዘውን ድምፅ ሳያወላውሉ ማውጣት።

ክላርኔት ለልጅ ቀላል መሣሪያ አይደለም። የታችኛው ከንፈር በጥርስ ላይ ታጥፎ መንፊያውን ስለሚሸከም፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጡ ይቆስላል። ማታ ከቤተሰብ ጋር በርበሬ በበዛበት ወጥ ዙሪያ ስቀመጥ ዕንባዬ ይመጣ ነበር። መንፊያው ላይ የምትታሰረው ስስ ሸምበቆ ስታረጅ ምትክ አይገኝላትም፤ መምህራችን በምላጭ እየፋቁ ዕድሜዋን ያራዝሙላት ነበር። የመጋጠሚያው ቡሽ ሲያልቅ ክር ጠምጥመን ቫዝሊን እንቀባው ነበር። ጠዋት በደጋው ብርድ እንጨቱ ገና ሳይሞቅ ትኩስ ትንፋሽ ቢገባበት ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ከመንፋታችን በፊት በጋቢ ሥር አቅፈን እናሞቀው ነበር።

ከሁሉ የከበደው ግን ድልድዩ ነበር። ዋሽንት ጠንክሮ ሲነፋ ያው ድምፅ በስምንተኛው ላይ ከፍ ብሎ ይመለሳል፤ ጣት እንደ ነበረ ይቆያል። ክላርኔት ግን ስምንተኛውን አልፎ አሥራ ሁለተኛው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ልጁ በታች ያወቀውን የጣት አቀማመጥ በላይ በሌላ ስም እንደ አዲስ ይማረዋል። ከታችኛው ወደ ላይኛው የሚሻገርበት ቦታ ላይ ጣቱ ጥቂት ከተዛነፈ፣ መሣሪያው ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል። እኔ ይህን ድልድይ ለመሻገር አምስት ወር ፈጅቶብኛል፤ ጎረቤቶቻችንም አብረውኝ ተሻግረዋል።

ደስታውም በዚያው ልክ ነበር። የታችኛው ድምፅ መጀመሪያ ጠርቶ የወጣ ቀን እንጨቱ በእጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ ደረቴ ከሰውነቴ ውጭ የቀጠለ መሰለኝ። በሰልፍ ቀን ትራምፔቱ ዜማውን ሲመራ የእኛ ድምፅ ከሥሩ ሆኖ ሲሸከመው፣ ሳይታዩ አስፈላጊ መሆን ምን እንደሆነ ዐወቅሁ። ይህን ትምህርት በኋላ ዘመኔ ከብዙ መጻሕፍት አላገኘሁትም።

ኪሳራዬን የማውቀው በአያቴ በኩል ነው። የእናቴ አባት በየዓመቱ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ከአገር ቤት ይመጡና ጥቂት ቀን ይሰነብቱ ነበር። በአቅማዳቸው ውስጥ ቁመታቸው የተለያየ ሦስት ዋሽንቶች አይጠፉም። ክላርኔቴን መጀመሪያ ያዩ ጊዜ ቁልፎቹ አላስደነቋቸውም፤ የመንፊያውን ስስ ልጥ በአውራ ጣታቸው ዳስሰው «ይህማ ሸምበቆ ነው እኮ ልጄ! የእኔው ዘመድ ነው» ብለው ሳቁ።

በተከታዩ ዓመት ሲመጡ እኔ ኖታ አንባቢ ሆኜ ጠበቅኋቸው። ማታ በትዝታ ቅኝት ሲጫወቱ ከአንዱ ቀዳዳ የሚወጣው ድምፅ በክላርኔቴ ላይ በሁለት ቁልፎች መካከል የሚወድቅ ሆነብኝ። «አባባ፣ ሦስተኛው ቀዳዳዎ ተበላሽቷል፤ ድምፁ ከኖታው ውጭ ነው» አልኳቸው። ይህም ሳይበቃኝ ክላርኔቴን አምጥቼ «ትክክለኛውን» አሰማኋቸው። እርሳቸው በጥሞና አዳመጡና «እንደዚያ ነው?» ብለው ዋሽንቱን ወደ አቅማዳው መለሱ። ሦስት ሌሊት ሲሰነብቱ አንድ ጊዜ እንኳ አላወጡትም። እናቴ ብትለምናቸው «ተይው፤ ልጁ የተማረ ነው፤ ጆሮውን አላስቸግረው» አሏት። የሚቀጥለው አዝመራ ሳይደርስ ዐረፉ። ዋሽንቶቹንም እረኞች ተካፈሏቸው አሉ።

የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ለመረዳት ዓመታት ወስዶብኛል። ክላርኔት ስምንተኛውን በአሥራ ሁለት እኩል እርከን ከፋፍሎ የሚሄድ መሣሪያ ነው። ዋሽንት ሠሪ ግን ቀዳዳውን የሚለካው በገዛ ጣቱና በጆሮው ነው፤ ቁመቱንም እንደ ቅኝቱና እንደ ዘፋኙ ድምፅ ይመርጣል። የአያቴ ሦስተኛ ቀዳዳ አልተበላሸም ነበር። የእኔ መለኪያ አልደረሰበትም እንጂ።

ክላርኔትንም መውቀስ አልችልም። ከንፈር ሲላላ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ጣት ከቀዳዳው ላይ ቀስ ብሎ ሲነሣ ከድምፅ ወደ ድምፅ ይንሸራተታል። መምህራችን ይህን የከለከሉን በምክንያት ነበር፤ በሰልፍ ላይ ሁሉም እንዳሻው ቢንሸራተት ማርሽ የሚባል ነገር አይኖርም። ሆኖም ጌታቸው መኩሪያን እናስታውስ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሳክስፎንና ክላርኔት እየነፋ ያደገው ይህ ባለሙያ፣ በ2008 ዓ.ም. ሲያርፍ የሚታወሰው ከሁሉ በላይ ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን በማሻገሩ ነው። እርሱም የተማረው በባንድ ቤት ነው፤ ትምህርቱ ግን የአገሩን ጆሮ አልነጠቀውም።

ሕፃናትን መሣሪያ የምታስተምሩ ወገኖች ሆይ፣ ኖታውን አጥብቃችሁ አስተምሩ፤ ያለ እርሱ ድልድዩ አይሻገርም። ነገር ግን ልጁ ሳጥኑን ከመክፈቱ በፊት «ቤታችሁ የሚጫወት ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ካለም፣ ሄዶ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ያዳምጥ፤ ይህም እንደ ትምህርት ይቆጠርለት።

እኔ ዛሬም ክላርኔቴን እነፋለሁ። ያንን የሦስተኛውን ቀዳዳ ድምፅ በከንፈሬ እየፈለግሁ ሳጣው አመሻለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አገኘዋለሁ። ባገኘሁት ቀን «አባባ፣ ልክ ነበሩ» የምላቸው ግን የሉም።