ግማሽ ኪሎ ሥጋ ለአራት ተማሪ



ውድ እህት ወንድሞቻችን፣ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ ካላችሁ ይህ ጽሑፍ የእናንተ ነው። እኛ ሦስታችን ከዳባት ገጠር መጥተን ደባርቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንማራለን። አራተኛው ጓደኛችን ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል፤ ሐሙስ ማታ ግን እኛ ጋር ነው። ቤተሰቦቹ ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ ከግጭ ተነስተው በ2008 ዓ.ም. ደባርቅ ጫፍ ላይ የሰፈሩ ናቸው።

የመጀመሪያውን መንፈቅ ሙሉ ሽሮ በላን። ሽሮን ንቀን አይደለም፤ ከቤት የመጣ ስንቅ ነውና አልሐምዱሊላህ። ግን ሥጋ ሲባል የሚታየን ምግብ ቤት ገብቶ ጥብስ ማዘዝ ብቻ ነበር። መጀመሪያ የሙስሊም ምግብ ቤት መፈለግ አለ፤ ቢገኝም የአንድ ሰው ጥብስ የሳምንት አስቤዛችንን ይበላል። ስለዚህ ተውነው።

መላውን ያሳዩን የጓደኛችን እናት ናቸው። ግጭ እያሉ በግ የሚታረደው ከራሳቸው መንጋ ነበር፤ እዚህ በኪሎ መግዛት ሲመጣ ማብቃቃትን ለመዱ። «ለጥርሳችሁ ሳይሆን ለመረቁ ብላችሁ ግዙ» አሉን።

እንዲህ ነው። ከሙስሊም ሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ አጥንት ያለው ጎድን እንገዛለን። ቀዩን ሥጋ አንጠይቅም፤ ይወደዳል፣ መረቅም አይወጣውም። ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት እናቁላላለን፤ ከዚያ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ማንኪያ ተኩል የቤት በርበሬ። ሥጋው ገብቶ ከተገላበጠ በኋላ የፈላ ውሃ ይጨመራል። መጨረሻ ላይ አንድ ኪሎ የደጋ ድንች ይገባበታል፤ ሆድ የሚሞላው እሱ ነው። በሌላ ድስት ደግሞ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ድንች በእርድ አልጫ ይሠራል።

የመጀመሪያ ቀን ሥጋው እንደ ጫማ ሶል ሆነብን። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 90 አካባቢ ላይ ይፈላል። ፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ደብተራችን ላይ ጽፈነዋል፤ የገባን ግን ጥርሳችን ሲያመን ነው። እሳት ቢጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው ይገላገላል። የሌለን ደግሞ ሥጋውን አነስ አድርገን ከትፈን፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭነን፣ ከሰሉን በአመድ ሸፈን አድርገን እንጠብቃለን። ዐስር ላይ እንጥዳለን፤ መግሪብ ሰግደን ስንመለስ ድንቹን እንጨምራለን፤ ከዒሻእ በኋላ ቢስሚላህ ብለን ከአንድ ትሪ እንበላለን።

አንድ ነገር ሳንደብቅ እንንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም እኩል ብር እናዋጣ ነበር። ከመካከላችን አንዱ በሁለተኛው ሐሙስ «እኔ ሥጋ አልወድም» ብሎ ሊያጠና ወጣ። በሦስተኛውም እንዲሁ። አመንነው! በዒድ ቤቱ ሄደን ሲበላ እስክናየው ድረስ አመንነው። በጣም አፈርን። ከዚያ ወዲህ መዋጮው በብር ብቻ መሆኑ ቀረ፤ አንዱ ከቤቱ ድንች ያመጣል፣ አንዱ በርበሬ፣ አንዱ ከሰል ያያይዛል። ማን ስንት እንዳወጣ አይቆጠርም።

መረቅን አብዝቶ ጎረቤትን ስለማሰብ የመጣውን ሐዲስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የእኛ ጎረቤት አከራያችን እማማ ናቸው፤ ክርስቲያን ናቸው፤ እሳቸው የእኛን ሥጋ አይበሉም፣ እኛም የእሳቸውን። ታዲያ መረቁን ብናበዛው ምን ይጠቅማቸዋል? ለዚህ ነው አልጫውን ለብቻ የምንሠራው። ድስቱ የእሳቸው ነው፣ ሥጋ ነክቶት አያውቅም፤ የመጀመሪያው ጭልፋም የእሳቸው ነው። «እናንተ ልጆች ጨው ታበዛላችሁ» ይሉናል በየሳምንቱ፤ ግን ይበሉታል።

ሳህኑን ባዶውን መልሰውልን አያውቁም። ባለፈው ዓርብ ጠዋት የገብስ ቆሎ ሞልተው በራችን ላይ አስቀመጡልን፤ በየኪሳችን ይዘነው ክፍል ገባን።