ጋሼ፣ ገመድህን ልየው

እናንተዬ! «ልጅ በትልቅ ሰው ነገር አይገባም» እየተባልን ያደግን ስንት ነን? እኔ አንዱ ነኝ። ይህን ያስረሳችኝ ደግሞ የ11 ዓመት ልጅ ናት። እንዴት? ላጫውታችሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። የእህቴ ልጅ ስካውት ናት። አንድ ቅዳሜ እህቴ ሥራ ገባችና «ልጆቹን ዐለት መውጣት ሊያስተምሯቸው ነው፤ አብረሃት ሂድልኝ» አለችኝ። እኔ እንኳን ዐለት፣ ፎቅም የምወጣው በሊፍት ነው!

መጀመሪያ ጂም ውስጥ ነበር። ግድግዳው ላይ ባለቀለም መያዣዎች አሉ፤ በቀዩ የጀመረ ቀዩን ተከትሎ ይወጣል። ገመዱ አናት ላይ ባለ ማያያዣ አልፎ ይመለሳል። አንዱ ጫፍ ከወጪው ወገብ ይታሰራል፣ ሌላውን ከታች የቆመ ሰው ይቆጣጠረዋል። ደብረ ዳሞ የሄደ ነገሩ ይገባዋል፤ እዚያም እንግዳው በጠፍር ሲወጣ ሌላ ገመድ ወገቡ ላይ ታስሮ ከላይ ይሳብለታል።

አስተማሪዋ ሁለት ነገር ነገረችን። አንደኛ፣ የፈራ «አውርዱኝ» ይበል፤ የሚስቅበት የለም። ሁለተኛ፣ ማንም ከመሬት ሳይነሣ ቋጠሮው በሌላ ሰው ዓይን ይታይ። ልጆቹ እንደ ጸሎት ደገሙት። እኔማ ትልቅ ሰው አይደለሁ? ስልኬን እነካካ ነበር።

በሳምንቱ ሜሪላንድ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ወዳለው ካርደሮክ ሄድን። እዚያ ቀለም የሚባል የለም፤ ዐለቱ ልሙጥ ነው፣ መያዣውን ራስህ ትፈልጋለህ። ጂም ውስጥ እንደ ጦጣ የወጡት ልጆች ሁለት ሜትር ላይ «አውርዱኝ!» አሉ። ወረዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ እንደገና ሞከሩ።

ተራዬ ደረሰ። ገመዱን በስምንት ቁጥር ቅርጽ ማሰር ጀምሬ ከአንዱ አባት ጋር ወሬ ያዝን። አስተማሪዋ ገና አጠገቤ ሳትደርስ፣ እኔ እጄን ዐለቱ ላይ ሳሳርፍ፣ የእህቴ ልጅ «ጋሼ ቆይ፣ ገመድህን ልየው» አለች። በሰው ፊት! ጆሮዬ ጋለ። «አርፈሽ ቁጭ በይ!» ልላት ስል ጎንበስ ብዬ አየሁ። ገመዱ በቀበቶዬ ሾልኳል እንጂ አልታሰረም!

ኋላ ሳነብ እኔ ብቻ አይደለሁም። ከዓለም ቁንጮ ወጪዎች አንዷ የሆነችው ሊን ሂል በ1989 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ቋጠሮዋን ሳትጨርስ ወጥታ ከ20 ሜትር በላይ ወድቃለች። ዛፍ ነው ያተረፋት። ችሎታ ቋጠሮ አይሆንም ማለት ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጅቷን ወዲያው አላመሰገንኳትም። አፍሬ ዝም አልኩ። ማታ ለእህቴ ስነግራት «ምነው፣ ባለጌ አደረጓት እንዴ?» ብላ ጀመረች። ስለ ቋጠሮው ስነግራት ግን ንግግሯን አቋርጣ ልጇን እቅፍ አደረገቻት።

እናላችሁ፣ ታናሻችሁ «ልየው» ካለቻችሁ አሳዩአት። ቁጣው ይደርሳል።