ከ60 ቀን አንዲት ማክሰኞ

ሰልፍ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። የታክሲ ሰልፍ አለ፣ የባንክ ሰልፍ አለ፣ የሬጅስትራሽን ሰልፍ አለ፤ የመጨረሻውን የዚህ መጽሔት አንባቢዎች በደንብ ታውቁታላችሁ። ሰው ግን ገንዘብ ከፍሎ፣ መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ቆሞ፣ ለሦስት ደቂቃ ሊጮህ ሲሰለፍ በዓይኔ ያየሁት በ2017 ዓ.ም. ክረምት አሜሪካ ሄጄ ነው። እኛ ክረምት የምንለው እነሱ ዘንድ የለየለት በጋ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሙቀቱ ይነሣል፣ አገሩ በሙሉ መንገድ ላይ ይወጣል።

ትኬት ቆርጣ የጠራችኝ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው አክስቴ ናት። እሷ በአረጋውያን መጦሪያ በፈረቃ ትሠራለች። ባለቤቷ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ ሌሊት ሌሊት ታክሲ ይነዳሉ። የ15 ዓመት ወንድ ልጅና የ8 ዓመት ሴት ልጅ አላቸው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ጋሼና ትልቁ ልጅ የሚገናኙት በር ላይ ነው። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ልጁ "ሰላም አባዬ" ይላል፣ አባት "በርታ" ይላሉ፣ አለቀ። ጠብ የለም፤ የሌለው ጊዜ ነው። ልጁ ደግሞ የሚቀጥለው ክረምት ላይ ሥራ እንደሚገባ ከወዲሁ ተናግሯል። እዚያ አገር ልጅ አንዴ የራሱን ደመወዝ መቁጠር ከጀመረ በኋላ ከቤተሰብ ጋር የሚውልበት ቀን ማግኘት ዘበት ነው ይላሉ።

አንድ ማታ አክስቴ ቡና እያፈላች፣ "አንተ ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ተምሬአለሁ አይደል የምትለው?" አለችኝ። "አዎ እትዬ" አልኳት፤ ያመጣሁትን ውጤት ግን አልነገርኳትም። "እንግዲያው አንዲት ቀን አውጣልኝ። አምስታችንም አብረን የምንውልባት። ልጁ ኪንግስ ዶሚኒየን ውሰዱኝ ሲል ሦስት ዓመቱ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ላይ ቆመን የምንመለስ ከሆነ ይቅር። ጋሼህ ሁለተኛ እሺ አይለኝም።"

ኪንግስ ዶሚኒየን በእነሱ አቆጣጠር በ1975 የተከፈተ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ነው። (ከዚህ በኋላም የአሜሪካ ጉዳይ ስጠቅስ ዓመቱ የእነሱ ነው።) ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ፣ ሪችመንድ ከተማ ሳይደረስ፣ ዶስዌል በሚባል ቦታ ይገኛል። መሃሉ ላይ የፓሪሱን ኤፍል ማማ አንድ ሦስተኛ የሚያህል ማማ ቆሞበታል። ልጁ የቋመጠለት ፓንቴሪያን የሚባለውን ሮለር ኮስተር ነው። በ2010 በሌላ ስም ተከፍቶ ስሙ የተቀየረው በቅርቡ ነው። ከፍታው 305 ጫማ፣ በእኛ 93 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ለአክስቴ ቤት የሚቀርበው ሜሪላንድ ያለው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ ነበር፤ ያኔ ገና ሥራ ላይ ነበረ፣ በኅዳር 2025 መግቢያ ላይ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የተዘጋው። ልጁ ግን "እሱን በትምህርት ቤት ሄጄበታለሁ" ብሎ ድርቅ አለ።

እኔም ወረቀት አወጣሁ። ሐምሌና ነሐሴ 60 ቀን ናቸው። ከሐሙስ እስከ እሑድ ያሉት ሌሊቶች ለጋሼ የገበያ ሌሊቶች ስለሆኑ ወጡ። ሰኞ የኤርፖርት መንገደኛ ይበዛል፣ እሱም ወጣ። ትንሿ ልጅ የምትማርበት የክረምት ፕሮግራም የሚያልቀው ሐምሌ 18 ነው። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ይገባል፤ አክስቴና ጋሼ እስከ 9 ሰዓት ምግብ አይቀምሱም፣ እንደዚያ ሆኖ በዚያ ሐሩር ቆሞ መዋል የማይታሰብ ነው። ፍልሰታ በሚፈታበት ሰሞን ደግሞ ትምህርት ቤት ይከፈታል። ሲጠቃለል የተረፉት ሁለት ማክሰኞና ሁለት ረቡዕ ናቸው። ከአራቱ ደግሞ አክስቴ ፈረቃ የሚቀይራት ሰው ያገኘችው ለአንዱ ብቻ ነው፤ ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ። መምህራችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ መስመሮቹን እያቋረጡ በመሃል የምትቀረውን ትንሽ ቦታ ሲያጠቁሩ ትዝ ይላችኋል? እዚህ ቤት የቀረችው ነጥብ ብቻ ነበረች።

ደግነቱ ነጥቧ ክፉ ቦታ ላይ አልወደቀችም። የፓርክ ሕዝብ ዝም ብሎ አይመጣም፣ የቀን መቁጠሪያ ተከትሎ ነው የሚመጣው። ቅዳሜ ይበዛል። የነፃነታቸው ቀን ሐምሌ 4 (በእነሱ) አካባቢ ይበዛል። ዓርብና ሰኞ ቅዳሜና እሑድን የሚያስረዝም ሰው ይዘው ይመጣሉ። በጥቅምት ደግሞ ለሃሎዊን የሚመጣው ወጣት ቅዳሜ ማታ ፓርኩን ያጥለቀልቀዋል። በበጋ ሻል የሚለው የሳምንቱ መሃል ነው። እግረ መንገዴን ለመምሪያችን የጉዞ ኮሚቴ አንድ ሐሳብ ልወርውር፤ ወደ ቢሾፍቱ የምናደርገውን ዓመታዊ ጉዞ ለምን ሁልጊዜ እሑድ እናደርገዋለን? አዲስ አበባ በሙሉ የፍጥነት መንገዱን ይዞ ወደዚያው በሚወርድበት ቀን!

የቀን መቁጠሪያው ነገር እዚያ አገር እስከ ሕግ ድረስ የደረሰ ነው። ቨርጂኒያ በ1986 ትምህርት ቤቶች ከሌበር ዴይ በፊት፣ ማለት ከመስከረማቸው የመጀመሪያ ሰኞ በፊት፣ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይከፍቱ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሕዝቡ ስም ሲያወጣለት "የኪንግስ ዶሚኒየን ሕግ" አለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትምህርት ቤት በነሐሴ ከተከፈተ ፓርኮቹና የባሕር ዳርቻ ሆቴሎች ሁለት ነገር ያጣሉ፣ ደንበኛውንም፣ ትኬት የሚቆርጠውንና ማሽን የሚያንቀሳቅሰውን ወጣት ሠራተኛም። በ2019 ሕጉ ላላና ትምህርት ቤቶች እስከ ሁለት ሳምንት ቀድመው እንዲከፍቱ ተፈቀደ። ስለዚህ አሁን በነሐሴ መጨረሻ የሥራ ቀናት ሰልፉ ያጥራል። ለማን? ልጁ ትምህርት ቤት ለሌለበት፣ አለቃውን ሳይለምን ረቡዕ ቀን ለሚያርፍ ሰው። ሰልፉ የሚያጥረው የአክስቴ ዓይነት ቤተሰብ መሄድ በማይችልበት ቀን ነው።

ሌላው አማራጭ ገንዘብ ነው። ይህን ለማስረዳት ወደ ውኃ ሰልፍ እንመለስ። ሰፈር ውስጥ ቦኖ ላይ የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። ጀሪካኗ ቦታ ትይዛለች፣ ባለቤቷ ጥላ ሥር ያወጋል። ዲዝኒ በ1999 ፋስትፓስ ብሎ ያመጣው ይኸው የጀሪካን ዘዴ ነው። ወረቀት ትወስዳለህ፣ ወረቀቱ ይሰለፍልሃል፣ ሰዓትህ ሲደርስ ትመለሳለህ። ያውም በነፃ። በ2021 ግን በክፍያ በሚሠራ ተተካ፤ ሌሎቹ ትልልቅ ፓርኮችም ከፍሎ በአጭሩ መስመር መግባት የሚቻልበት አሠራር አላቸው። ለአምስት ሰው ሳሰላው የጋሼን የሁለት ሌሊት ገቢ አለፈ፣ ተውነው። ዋጋው ቢቀርም አንድ ነገር ይከነክነኛል። ክፍያው ባቡሩን አያፈጥነውም። በሰዓት የሚጫነው ሰው ያው ነው። ስለዚህ ከፋዩ የቆጠባት እያንዳንዷ ደቂቃ ከጀርባ ባለው ባልከፈለው ሰው ላይ ትጨመራለች ማለት ነው። ጀሪካን እንኳ ባለቤቷ ሀብታም ስለሆነ ወደ ፊት አትሄድም። (አንዳንዴ ትሄዳለች፤ ግን ጭቅጭቅ ይነሣል።)

መንገዱም ስሌት ይፈልጋል። አይ-95 የሚባለው አውራ ጎዳና ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ ሲወርድ በበጋ ቅዳሜ የመኪና ማቆሚያ ይመስላል፤ ወደ ባሕር የሚወርደው ሁሉ በእሱ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ግን ጎርፉ ወደ ዋሽንግተን ስለሚወጣ ወደ ደቡብ የሚሄደው ሰው ይቀለዋል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። 120 ኪሎ ሜትር ገደማውን በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረስነው። ጋሼ ሌሊቱን ሠርተው ስለነበር መሪውን አክስቴ ያዘች፣ እሳቸው ከኋላ ወንበር አንገታቸውን ሰብረው ተኙ። ትንሿ ልጅ የአባቷን ኩርፊያ በስልክ ትቀዳ ነበር።

በሩ ሳይከፈት ደረስን። አብዛኛው ሰው እንደገባ በር አካባቢ ያለውን መጫወቻ ይሻማል። እኛ በቀጥታ ወደ ኋላ ሄድንና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት አራት ነገር ተሳፈርን። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሕዝቡ ወደ ምግብ ይሄዳል፤ እኛ መጫወታችንን ቀጠልን። 8 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ በልቶ ሲመለስ፣ እጃችን ላይ ማኅተም አስደርገን ወደ መኪናችን ወጣን። የመኪናው ኋላ ተከፍቶ የዶሮ ወጥ በእንጀራ፣ ዳቦ፣ በበረዶ የቀዘቀዘ ውኃ። አስፋልቱ ምጣድ ሆኖ ነበር። አጠገባችን ያቆሙ የሜክሲኮ ቤተሰቦች ወጡ ሸቷቸው ሲያዩን አክስቴ አላስቻላትም፣ አንድ ሰሐን ላከችላቸው፤ እነሱም ሐብሐብ ላኩልን።

ፓንቴሪያንን ለከሰዓት አቆይተነው ነበር። ለመሳፈር ቁመት 137 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል፤ ትንሿ ልጅ መለኪያው ሥር ቆማ ተንጠራራች፣ አልደረሰችም፣ አለቀሰች። አክስቴ ጥላ ሥር ይዛት ተቀመጠች። እኔም ከፍታውን ሳየው ቦርሳ የሚጠብቅ ሰው እንደሚያስፈልግ ወዲያው ገባኝ። አባትና ልጅ ብቻቸውን ገቡ።

ምልክቱ ላይ 60 ደቂቃ ይላል። እኔ ደግሞ ሥራ ፈት ነኝና መቁጠር ጀመርኩ። በ10 ደቂቃ 5 ባቡር ተነሣ። ባዶ ወንበሩን ቀንሼ በአንድ ባቡር በአማካይ 28 ሰው አገኘሁ፣ ማለት በ10 ደቂቃ 140 ሰው። በሰልፉ ላይ በግምት 600 ሰው አለ። ስለዚህ 43 ደቂቃ። ጆን ሊትል በ1961 ያረጋገጠው ቀመር ከዚህ አይርቅም፤ ሰልፍ ላይ ያለው ሰው ብዛት በአማካይ ሰው የሚገባበት ፍጥነት በሚቆይበት ጊዜ ሲባዛ ነው። ክፍል ውስጥ ስንማረው ለፈተና ብቻ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር።

ሰልፉ በብረት አጥር እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ አባትና ልጅ ብዙ ጊዜ በፊታችን አለፉ። መጀመሪያ ሲያልፉ ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ባቡሩን ያያሉ፣ ልጁ ስልኩን ያያል። በሁለተኛው ልጁ በጣቱ ወደ ላይ እያመለከተ አንድ ነገር ያስረዳቸዋል። በሦስተኛው የሚያወሩት ጋሼ ናቸው፤ በሁለት እጃቸው መሪ የያዙ መስለው፣ ምናልባት የሆነ ተሳፋሪ ታሪክ ይሆናል፣ ልጁ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። በአራተኛው ስልኩ ኪስ ገብቶ ነበር።

"እትዬ፣ 43 ደቂቃ ነው እንጂ 60 አይሞላም፣ አሁን ይደርሳቸዋል" አልኳት፣ ቀመሬ ሊሠራ በመሆኑ ደስ ብሎኝ።

ዓይኗን ከአጥሩ ሳታነሣ፣ "ምን አስቸኮለህ?" አለችኝ። "ይቆዩ።"

በ45ኛው ደቂቃ ተሳፈሩ። ጋሼ ሲወርዱ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ አማርኛም እንግሊዝኛም ያልሆነ ነገር እየተናገሩ ነበር። ልጁ ደግፎ አመጣቸው። ከዚያ እንደገና ልሰለፍ ብሎ ጠየቀ፤ የሚገርመው ጋሼ አብረው ተመለሱ። በሁለተኛው ሰልፉ ረዝሞ ነበር፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። እኔ አልቆጠርኩም፣ ትንሿን ልጅ የሚሽከረከር ፈረስ ላይ ሳስቀምጥ ሳወርድ ዋልኩ።

ማታ 4 ሰዓት ሲሆን ቤት ገባን። ጋሼ ልብስ ቀይረው ወደ ታክሲያቸው ወጡ። አክስቴ ማክሰኞን ለቀየረችላት ባልደረባዋ የዚያን ሳምንት ቅዳሜና እሑድ ሁለቱንም ቀን ሠራችላት፤ አንዱ የእሷ የዕረፍት ቀን ነበር። እሑድ ማታ እግሯን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ከትታ ተቀምጣ፣ ልጁ ለሚቀጥለው ዓመት የትኛው ማክሰኞ እንደሚሆን ሲጠይቀኝ ትሰማ ነበር።