ዓባይን የሚሻገር ብርሃን

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር መንገደኛ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ እንደገና ደጋውን ይወጣል፤ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። ይህንኑ ርቀት በኦፕቲካል ፋይበር የሚጓዝ ብርሃን ግን ያለ ረዳት አይዘልቅም። ጥሩ የመስታወት ክር፣ በ1550 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት፣ በየኪሎ ሜትሩ 0.2 ዴሲቤል ያህል ያባክናል። በ300 ኪሎ ሜትር ኪሳራው 60 ዴሲቤል ይሆናል፤ ከተላከው ብርሃን የሚደርሰው አንድ ሚሊዮንኛው ብቻ ነው ማለት ነው።

ይህን ስሌት ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ የሚሠራ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ለበዓል ቤተሰቡ ዘንድ ሲሄድ «የምትሠራው ክር የታለ?» ቢባል፣ የሚያሳየው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቀመር ነው። መስታወት አቅልጦ ክር የሚስብ ማማ በሌለበት ንድፍ ማጥናት ምን ይፈይዳል?

መልሱ ከንድፉ ባሕርይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1987 የእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ቤል ላብራቶሪስ ተመራማሪዎች፣ ኤርቢየም የተጨመረበት ክር ብርሃንን በቀጥታ እንደሚያጎላ አሳዩ። የ980 ናኖ ሜትር ሌዘር የኤርቢየም አዮኖችን ያነቃል፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ደካማ ምልክትም ኃይል ይቀበላቸዋል። ከ10 እስከ 30 ሜትር የሚሆን ክር ምልክቱን እስከ 1000 እጥፍ ሊያሳድግ ይችላል። ሆኖም አዮኖቹ ሲጠጋጉ ኃይላቸውን እርስ በርስ ያባክናሉ። በዝቶ የተዘራ ጤፍ ጋሽቦ መሬት ላይ እንደሚተኛ ለጎጃም ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኤርቢየምም ልክ አለው። አሉሚኒየም ሲታከልበት አዮኖቹ ይራራቃሉ።

የፖላራይዜሽን፣ ማለትም የሞገዱ የመርገብገቢያ አቅጣጫ፣ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ተራ ክር ሲታጠፍ ወይም ሙቀቱ ሲለዋወጥ አቅጣጫውን አይጠብቅም። ፓንዳ በተባለው ክር ውስጥ ግን በእምብርቱ ግራና ቀኝ ቦሮን ያለባቸው ሁለት ዘንጎች ይቀመጣሉ። ሲቀዘቅዙ ከዙሪያቸው መስታወት ይበልጥ ስለሚኮማተሩ እምብርቱን በአንድ አቅጣጫ ይወጥሩታል፤ ከዚያ አቅጣጫ ጋር ተስተካክሎ የገባ ብርሃንም አቅጣጫውን እንደያዘ ይወጣል።

የኤርቢየሙ መጠን፣ የክሩ ርዝመት፣ የዘንጎቹ ውፍረትና ርቀት ምድጃው ከመለኮሱ በፊት የሚሰሉ ናቸው። ማማ ያለውም ሥራውን የሚጀምረው ከዚሁ ቀመር ነው። ማማ የሌለው ተማሪ ግዴታው የተሰላውን ከተለካው፣ የተገመተውን ከታወቀው ለይቶ መጻፍ ነው። እንዲህ ከተጻፈ፣ ሌላ ቤተ ሙከራ ክሩን ስቦ ስሌቱ ልክ መሆን አለመሆኑን ሊፈትን ይችላል።