ወረቀቱ ንጹህ ነው

ወንድሜ አራት ሌሊት ሳይተኛ ሲያድር በአምስተኛው ቀን ከዲጋ ነቀምቴ ይዘነው ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ ሬዲዮው ስለ እሱ እንደሚያወራ ለሹፌሩ እያስረዳ ነበር።

እናቴ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደሙ እንዲታይ። (የኦሮምኛው «ደም» በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ የወረዳችንን ስም ይመስላል፤ ሲነገር ግን ይለያል።) አልፈርድባትም። እኛ ጋ ራስህንም አመመህ ወገብህን፣ ላብራቶሪ ገብተህ «ታይፎይድ ነው» ተብለህ ነው የምትወጣው። ወረቀት የሌለው በሽታ አናውቅም።

ደሙ ታየ። ታይፎይድ የለም፣ ወባ የለም፣ ስኳሩም ደህና። ለታይሮይድም ናሙና ተላከ፤ ወለጋ ውስጥ እንቅርት ብርቅ አይደለም፣ ሆርሞኑ ሲዛባ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያስጨንቃል፣ አልፎ አልፎም ሰውን ያስለፈልፋል። እሱም ከሳምንት በኋላ ደህና ተብሎ መጣ።

በመጀመሪያው ቀን ግን ባለሙያው ወንበሩን ወደ እናቴ አስጠግቶ ግማሽ ሰዓት ጠየቃት። መቼ ጀመረው? ምን ይሰማል? ከዘመድ እንዲህ የሆነ ነበረ? ስንወጣ ተናዳለች። «ጠየቀን እንጂ መች መረመረን?»

ምርመራው ያ ጥያቄ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ሳነብ ነው። ለስኪዞፍሬኒያም ሆነ ለባይፖላር «አለ» ወይም «የለም» የሚል የደም ምርመራ የለም፤ አማኑኤል ሆስፒታልም ሂድ፣ ለንደንም ሂድ። ተሞክሯል። በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ማታ ዴክሳሜታዞን ሰጥተው፣ በማግስቱ ኮርቲሶል ለክተው ከባድ ድብርትን እንለያለን አሉ። በኋላ ሲታይ ክብደት የቀነሰውም፣ ሌላ ሕመም ያለበትም በዚያው ምርመራ «ድብርት አለበት» ሊባል ይችላል። ምርመራ የተገኘለት ደግሞ ከአእምሮ ሐኪሙ እጅ ይወጣል። በ1913 ኖጉቺና ሙር የቂጥኝን ጀርም በሟቾች አንጎል ውስጥ ሲያገኙ፣ «እብደት» ይባል የነበረው አንዱ ዓይነት ኢንፌክሽን ሆኖ ቀረ።

ወንድሜ ግን የያዘው ወረቀቱን ነው። በሦስተኛው ወር ኪኒኑ እጁን ሲያንቀጠቅጠው፣ አጣጥፎ ያስቀመጠውን አውጥቶ ዘረጋልኝ። «አየህ? ንጹህ ነው። ታዲያ ምን ሆንኩ ብዬ ነው የምውጠው?»

መልስ አልነበረኝም። ኪኒኑን ተወ። በሁለት ወሩ ሬዲዮው ተመለሰበት።

አሁን መድኃኒቱ ተቀይሮለት ይወስዳል። እናቴ ቀጠሮ ስንሄድ ስንት ሌሊት እንደተኛ፣ በየትኛው ቀን ብቻውን ሲያወራ እንደሰማችው ቆጥራ ነው የምትገባው። ባለፈው ጨርሰን ስንወጣ አንዷን ሌሊት ረሳሁ ብላ ከበር ተመለሰች።