የምታነክስ ፒክአፕ

በዚህ ወረቀት ላይ ግጥምና የአገር ቤት ትዝታ ማንበብ የለመዳችሁ ዛሬ ትንሽ ታገሡን። የምንጽፈው ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ነው። እኛ እዚህ ካኩማ፣ ከሰፈራችን ጫፍ፣ ከኒም ዛፍ ሥር መኪና እየጠገንን የምንውል ሦስት ሽማግሌዎች ነን፤ አብሮን የሚሠራ አንድ ልጅም አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ይህን ልጅ በሰው ፊት አሳፈርነው። በሰው ፊት የተባለ ነገር በሰው ፊት መመለስ ስላለበት ነው ብዕር ያነሣነው። ልጁ ይህን ወረቀት በእጃቸው ከሚገለብጡት አንዱ ስለሆነም፣ እዚህ መሥመር ላይ ሲደርስ አንድም ቃል ሳይቀንስ እንዲጽፍ አደራ ብለነዋል።

መኪናይቱ የአንድ የቱርካና ነጋዴ ንብረት ናት። ቶዮታ ፒክአፕ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ቤንዚን የምትጠጣ፣ ካርቡራቶር ያላት። የዛሬዎቹ መኪናዎች ነዳጃቸውን በኮምፒዩተር ይለካሉ፤ ሲታመሙም መብራት አብርተው ይናገራሉ። እሷ ግን የምትናገረው በመንቀጥቀጥ ብቻ ነበር። የካሎቤየይ ሰፈራ በ2016 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ ወደዚያ ዱቄትና ጨው ታመላልሳለች፤ አንዳንዴም ወደ 120 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ሎድዋር ትወርዳለች።

ባለቤቱ ሲያመጣልን «ፉንዲ፣ ጉልበቷ ይመጣል፣ ይሄዳል» አለን። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ እኛም አልነበረንም። ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች፤ ሚኒሞዋ አይረጋም። ስትነዳ ለጊዜው ታዘግማለች እንጂ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ታንቃለች፣ ነዳጅ ቢረግጡላት አትሰማም። በታራች ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ስትደርስማ እንደ ደከመች በቅሎ ቀጥ ነው። ጥቂት አርፋ ስትነሣ ደግሞ ጉልበቷ ይመለሳል።

ከእኛ አንዱ ተግባረ ዕድ ተምሮ በአዲስ አበባ ጋራዦች የሠራ ነው። ሁለተኛው በአሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ሦስተኛው የሠራዊት መካኒክ የነበረ። ሦስታችንም እናውቃለን ባዮች ነን። ልጁ ግን እዚሁ ካምፕ ውስጥ ተወልዶ ያደገ፣ ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ሙያውን የጀመረው ከጁዋ ካሊ ፉንዲዎች ዘንድ ስለሆነ ቋንቋችን አይገጥምም። እኛ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ የምንለውን፣ ጣልያን ጥሎልን የሄደውን ሁሉ፣ እሱ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው የሚጠራው። «ካቻቢቴ አቀብለኝ» ሲባል ፒንሳ ይዞ የመጣበት ቀን አለ። ያን ጊዜ ስቀንበታል። ቃሉን አለማወቁን ሥራውን እንዳለማወቅ ቆጥረንበት እንደ ነበር የገባን ዘግይቶ ነው።

መኪናይቱ ከመታመሟ ከጥቂት ቀናት በፊት ካርቡራቶሯን ያጠበው ልጁ ነበር። ስለዚህ ፍርዱ ያለ ምስክር ተሰጠ። ጂግለሩን አበላሽቶታል፣ ተንሳፋፊውን አጣሞታል ተባለ። ካርቡራቶሩን ሦስት ጊዜ ፈታን፤ ሦስት ጊዜ በቤንዚን አጥበን በአፋችን ነፋን፤ ምንም የተበላሸ ነገር አላገኘንም። አለማግኘታችን ግን ነገሩን አላስተወንም። የሁለት ወር ዕቁባችንን አውጥተን ከሎድዋር ያገለገለ ካርቡራቶር አስመጣንና ገጠምን። አሁንም ታነክሳለች።

ይህ ሲሆን የአሰቡ ወንድማችን በነዳጁ ላይ ተነሣ። «ልብ ብላችኋል? ታንከሯ በሞላ ቀን ይብስባታል» አለ። እውነቱን ነበር፤ ልብ ብለናል። እንግዲያው ቤንዚኑ ላምባ ተደባልቆበታል ብለን በመንገድ ዳር በጀሪካን የምትሸጠዋን ሴት በገበያተኛ ፊት ተጣላናት። ሴትዮዋ ቤንዚን በመዳፏ አፍስሳ «ይኸው፣ ሲደርቅ ቅባት ይተዋል ወይ?» አለችን። አልተወም። እኛ ግን ተቆጥተን ሄድን።

የሠራዊቱ ሰው ደግሞ የራሱ ነገር ነበረው። ዱሮ በቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይደባለቅ ነበር፤ እርሳሱም ቫልቮላው የሚቀመጥበትን ብረት ከመበላት ይጠብቅ ነበር። ኬንያ ይህን ቤንዚን የተወችው በ2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ነው፤ በዓለም ላይ የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 ተወችው። «እርሳስ የለመደች አሮጊት ያለ እርሳስ ስትሄድ ቫልቮላዋ ተበላ፤ ቴስታታው ይውረድ» አለ። ታሪኩ ልክ ነው። ልክ የሆነ ታሪክ ሁሉ ግን የዚያች መኪና ታሪክ አይደለም። ቴስታታ ማውረድ ደግሞ አዲስ ጓርኒሲዮን ይጠይቃል፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

በዚህ መካከል ልጁን «አንተ ከሞተር ራቅ፤ ብረት እጠብ» አልነው። ይህን ያልነው ባለቤቱና ሌሎች ደንበኞች ቆመው ሳለ ነው። ልጁ መልስ አልሰጠንም። ብረቱን አጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ በመደዳ አስቀመጠና ሄደ። በማግስቱ አልመጣም፤ ከዚያም ወዲያ አልመጣም።

ባለቤቱ በመጨረሻ የሦስት ቀን ቀጠሮ ሰጠን። በሦስት ቀን ካልዳነች ወደ ሎድዋር ሊወስዳት፣ የካርቡራቶሩም ዋጋ በእኛ ላይ ሊቀር ነው። የተግባረ ዕዱ ሰው ያን ማታ «እስካሁን ዕቃ ስንለውጥ ነበር እንጂ በሽታ ስንፈልግ አልነበረም፤ ከሀ እንጀምር» አለ።

ሀ ይኸው ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ በአንድ በደረቅ ጨርቅና እጀታው ጎማ በለበሰ ፒንሳ ይዞ መንቀል። ደኅና የሚሠራ ሲሊንደር ገመዱ ሲነቀል ሞተሩ ወዲያው ይወርዳል፣ ይንገዳገዳል። አንደኛውን ነቀልን፤ ወረደ። ሁለተኛውን፤ ወረደ። ሦስተኛውን ስንነቅል ምንም አልተለወጠም። አራተኛው እንደ ወንድሞቹ ነው። እንግዲህ ሦስተኛው ሲሊንደር ደመወዙን እየበላ የማይሠራ ኖሯል፤ ሦስቱ ጓደኞቹ ተሸክመውት ይሄዱ ነበር። (ይህን ፈተና የዛሬዎቹ ኤሌክትሮኒክ እሳት ባላቸው መኪናዎች ላይ እንዲሁ እንዳትሞክሩት፤ መውጫ ያጣ እሳት ቦቢናውን ሊያቃጥል ይችላል።)

ካንዴላዎቹን ፈተን በተራ በጨርቅ ላይ ደረደርናቸው። የሦስቱ ጫፍ ፈዛዛ ቡናማ፣ ወተት እንደ ነካው ቡና ነበር፤ ይህ የደኅና ቃጠሎ መልክ ነው። የሦስተኛው ግን ጥቁርና በቤንዚን የራሰ ነበር። ነዳጁ ይደርሰዋል፣ አይነድም ማለት ነው። ካንዴላውን ከአንደኛው ጋር አቀያየርንና እንደገና ሞከርን። ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ወደ አንደኛው ቢሄድ ጥፋቱ የካንዴላው በሆነ ነበር፤ አልሄደም። የኮምፕሬሽን መለኪያ ለምነን አራቱንም ለካን፤ እርስ በርሳቸው ተቀራራቢ ነበሩ። የሠራዊቱ ሰው ይህን አይቶ ስለ እርሳሱ ሁለተኛ አላነሣም።

ከመሸ በኋላ ኩራዙንና ሲጋራውን አርቀን፣ ጨረቃ ሳትወጣ፣ ኮፈኑን ከፍተን ሞተሩን አስነሣን። እናንተ ሆይ፣ ጨለማ የሚጠቅምበት ሥራ አለ! ከሦስተኛው ገመድ ጎን፣ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ባለፈበት ቦታ፣ አንዲት ሰማያዊ ብልጭታ ጠቅ ጠቅ እያለች ወደ ብረቱ ትዘል ነበር። በሙቀት ብዛት የገመዱ ልብስ ተሰነጣጥቋል፤ በቀን ግን ስንጥቁ ከአቧራው ጋር ተመሳስሎ አይታይም። እሳቱ ካንዴላው ድረስ ከመሄድ ይልቅ ባገኘው አቋራጭ ይወርዳል። ሸክም ሲከብዳት ደግሞ ይብሳል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊት ሲበዛ እሳቱ በካንዴላው ጫፍ መዝለል ስለሚቸግረው ነው። ገመዱን ለወጥን፤ 1-3-4-2 እያልን የእሳቱን ተራ አይተን ሁሉንም መለስን። ሚኒሞዋ ረጋ። በራዲያተሩ ላይ ውኃ በብርጭቆ ብናስቀምጥ የማይፈስ መሰለን። ዳነች ብለን ተሳሳቅን።

በማግስቱ ታንከሯን ሞልታ ወደ ካሎቤየይ ወጣች፤ መንገድ ላይም አንቃ ቆመች።

ያን ጊዜ የተሰማንን ኀፍረት እዚህ አንዘረዝረውም። ነገር ግን አንድ ነገር ገባን፤ ሁለት ሕመም ነበራት፤ አንዱ በሌላው ጥላ ተሸፍኖ ኖሯል። የተሰነጠቀው ገመድ ሕመም ሁልጊዜ አለ፣ ቆማም ትንቀጠቀጣለች። ይኸኛው ግን ሰዓት ጠብቆ ይመጣል። ስትነሣ ደኅና ናት፣ ከተወሰነ መንገድ በኋላ ትታፈናለች፣ ካረፈች በኋላ ትድናለች። የአሰቡ ሰው ቤንዚኑ በሙቀት በቱቦው ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል፣ ፖምፓውም እንፋሎት መሳብ አይችልም አለ። በዚህ አገር ፀሐይ ይህ የሚያስቅ ግምት አይደለም። እርጥብ ጨርቅ በፖምፓው ላይ ጠቀለልንና ጥቂት ቆይተን ብናስነሣት ተነሣች። ጨርቁን አመሰገንነው! በሁለተኛው ጉዞ ግን ጨርቅ ሳናደርግ ያን ያህል ጊዜ ብናቆያት እንዲሁ ተነሣች። ያዳናት ዕረፍቱ እንጂ ጨርቁ አልነበረም። ዕረፍቱ ምኗን እንደሚያድናት ግን አላወቅንም።

ከቀጠሮው አንድ ቀን ሲቀር ወደ ልጁ ቤት ሄድን። እናቱ ቡና አፈላችልን፤ ፊቷን ግን አልፈታችልንም። «ልጄ ከእናንተ ዘንድ ሲመጣ እጁ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር» ብላ ዝም አለች። እኛም ዝም አልን። ሁለተኛው ስኒ ላይ የተግባረ ዕዱ ሰው ልጁን «መኪናይቱ አሁንም መንገድ ላይ ትታፈናለች። አንተ ያየኸው ነገር አለ ወይ?» ሲል ጠየቀው።

ልጁ ትንሽ ቆየ። ከዚያ «ጋሼ፣ የመጣች ቀን ነግሬያችሁ ነበር። የታንከሯን ክዳን ስከፍት ፉሽ ብላ አየር ሳበች» አለ።

ነግሮን ነበር። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ትዝ አለን። ከመካከላችን አንዱ፣ ማን እንደ ሆነ እኛ እናውቃለን፣ «አንተ ክደነውና ና» ብሎት ነበር።

የቀድሞው ክዳን ጠፍቶ ባለቤቱ የዘይት ጀሪካን ክዳን፣ በከመነዳሪ ቁራጭ አጥብቆ፣ ገጥሞባት ኖሯል። ነዳጅ እንዳይፈስ ጥሩ ጠርቅሞታል። ያቺ መኪና ግን አየር የምታስገባው በክዳኗ በኩል ነበር። ቤንዚን ከታንከር በወጣ ቁጥር በምትኩ አየር ካልገባ ታንከሩ ውስጡ ይታፈናል፤ ጠርሙስ በአፍህ ስትመጥ ምላስህን ይዞ እንደሚያስቀርብህ ማለት ነው። ፖምፓው ይስባል፣ ታንከሩ አልለቅም ይላል፣ ካርቡራቶሩ ይደርቃል። ስትቆም አየሩ በቀጭን ቀዳዳ ቀስ ብሎ ይገባና ጉልበቷ ይመለሳል። ታንከሯ ሲሞላ ለምን ይብስባት ነበር? ከቤንዚኑ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ትንሽ ስለሚሆን ጥቂት ሲወጣላት ወዲያው ትታፈናለች። ሴትዮዋ ላምባ አልደባለቀችም።

ያንኑ ዕለት ልጁን ከሹፌሩ አጠገብ አስቀምጠን፣ ታንከሯን አስሞልተን ወጣን። መታፈን ስትጀምር ልጁ ወርዶ ክዳኑን ፈታ። እኛ ከኋላ ተቀምጠን ድምፁን ሰማነው፤ ረጅም፣ እንደ ሰው ትንፋሽ ያለ ነበር። ክዳኑን ላላ አድርጎ መለሰ፤ ጨርቅም ዕረፍትም ሳያስፈልጋት ወዲያው ሄደች። በአሸዋው ላይም በሁለተኛ ማርሽ ወጣች። ትክክለኛው ክዳን ከሎድዋር እስኪመጣ ድረስ በጀሪካኑ ክዳን ላይ በመርፌ ጫፍ የምትሆን ቀዳዳ በስተናል፤ ቤንዚኑ እንዳይረጭም ታንከሯን እስከ አፉ አንሞላም ነበር።

ቤንዚን ሻጯን ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። ይቅር አለችን፤ የዱቤውን ነገር ግን እስከ ዛሬ አልመለሰችልንም፤ በጥሬ ገንዘብ ነው የምንቀዳው።

ልጁ የተመለሰው በውል ነው። መኪና ሲመጣ ከእኛ ማንም ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት ሹፌሩን የሚጠይቀው እሱ ነው፤ ከመቼ ጀምሮ፣ በብርድ ወይስ ከሞቀች በኋላ፣ ቆማ ወይስ በዳገት፣ ታንከሯ ሞልታ ወይስ ጎድላ፣ በቅርቡ ምን ተለወጠ፣ ምን ጠፋ። መልሱን በደብተር ይጽፋል፤ እኛም ደብተሩን ሳናነብ አንነካትም። አንዳንድ ቀን ጥያቄው ሲረዝም የአሰቡ ወንድማችን ይቁነጠነጣል፤ ልጁ ግን አንገቱን ቀና ሳያደርግ ይጽፋል።

በዕቁብ ገንዘብ የገዛነው ካርቡራቶር ከነ ሙሉ ጤናው በኒሙ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። የሚፈልግ ሰው ካለ በዋጋ እንነጋገራለን።